የደበዘዘችው ነጥብ

ዶክተር ሱንድቫል ትንሿን መስታወት የአይላ ክራንቻ ጥርስ ላይ አስደግፈው ደጋግመው አዩት። ሐኪም አንድ ጥርስ ላይ ሲቆይ ደግሞ ደግ ነገር የለውም። አይላ አፏን እንደከፈተች ጣሪያው ላይ የተለጠፈውን የሐይቅ ፎቶ አፍጥጣ ታያለች። መዳፏ በላብ ርሶ የወንበሩ ክንድ ላይ ይንሸራተታል።

«ሌሎቹ ጥርሶች ጥቂት ጥቂት ፈቀቅ ብለዋል» አሉ ሐኪሟ በመጨረሻ። «ይሄ ክራንቻ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም።»

የአይላ እናት ካትያ ከጥግ ወንበሯ ብድግ አለች። «እንዴት ሆኖ? ማስተካከያውን ከአፏ የምታወጣው ለምግብ ብቻ ነው እኮ!»

«እኔንም ግራ ያጋባኝ እሱ ነው።» ሐኪሟ ከአይላ ጥርስ ላይ ያወለቁትን የጥርስ ማስተካከያ ግልጽ ፕላስቲክ ወደ መብራቱ ከፍ አደረጉት። ከኋላ፣ መንጋጋው ጋ፣ የስፒል ራስ የምታህል ሰማያዊ ነጥብ ነበረችበት። ነጥቧን ምራቅ ቀስ በቀስ ያሟሟታል፤ ቶሎ ከጠፋች ልጁ ፕላስቲኩን አድርጎታል፣ ካልጠፋች ኪሱ ውስጥ ከርሟል ማለት ነው። አሁን ደብዛዋ የለም። «ይኸው፣ በሥነ ሥርዓት አድርጋዋለች። ጎበዝ ልጅ ናት።»

ጎበዟ ልጅ ዓይኗን ጨፈነች። ነጥቧን ያጠፋት ምራቅ አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው በድምፅ ማጉያው ነው። የትምህርት ቤቱን የጠዋት ማስታወቂያ የምታነበው አይላ ናት፤ ገና በአሥራ አራት ዓመቷ ድምፅሽ ያምራል ተብላ ከትልልቆቹ ተመርጣ ነው። ፕላስቲኩን ባደረገችበት ሳምንት ግን ምላሷ ተሳሰረ። «ስ» ባለች ቁጥር ያፏጫል። የዚያን ቀን ምሳ ሰልፍ ላይ ኮልተን የሚሉት የሆኪ ተጫዋች ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች እየተኮላተፈ ደገመው፤ ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። አይላ ሾርባዋን ሳትቀምስ መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች።

«ለማስታወቂያው ብቻ አውጪው» አለቻት ጓደኛዋ ጂሊያን። «ማን ያይሻል?»

ለማስታወቂያው ብቻ አወጣችው። ቀጥሎ እስከ ምሳ ሆነ። ከምሳ በኋላ ደግሞ ፕላስቲኩን ከመመለሷ በፊት ሰው በተሰለፈበት የእጅ መታጠቢያ ጥርስ መፋቅ አሳፈራትና እስከ ማታ ሆነ። ቀጠሮው ሲቃረብ ነጥቧ እንደ ቀለም ደምቃ ቁጭ ብላለች። ይሄኔ ጂሊያን መላ አመጣች። አያቷ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን የሚያጥቡባትን ክኒን ሰርቃ መጣችና «ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፊው፣ ጉዱን ታያለሽ» አለቻት። እውነትም ነጥቧ ቀለጠች። ሁለቱም በሳቅ ፍርፍር አሉ።

አሁን የሚያስቅ ነገር የለም።

«ፕላስቲኩን እያደረገች ጥርሱ እምቢ ካለ፣ ሥሩ ካጥንቱ ጋር ተጣብቆ ይሆናል» አሉ ዶክተር ሱንድቫል። «ራጁ ላይ ጥርት ብሎ አይታይም። ለቀዶ ሐኪም እልካችኋለሁ፤ ድዱን ከፍቶ ጥርሱን ለማነቃነቅ ይሞክራል።»

«ባይነቃነቅስ?» አለች ካትያ።

«ያኔ መነቀሉ አይቀርም። አይዞሽ አይላ፣ ደንዝዞ ነው የሚሠራው። አሁኑኑ ደውዬ ቀጠሮ ላስይዝላችሁ።» ጓንታቸውን አውልቀው ወደ ቢሯቸው ሄዱ።

አይላ ምላሷን ክራንቻዋ ላይ አሳረፈች። ደህና ጥርስ! ምንም ያልሆነ ጥርስ ሊነቀልባት ነው። እውነቱን ብትናገር ደግሞ የሚጠብቃትን ታውቃለች፤ ሐኪሟ በመጀመሪያው ቀን «ፕላስቲክ ለሚያደርገው ነው፣ ለማያደርገው ጥርስ ላይ የሚታሰር ብረት አለ» ብለው ነበር።

እናቷ መጥታ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ሐኪሟ ብረቱ ይሻላል ሲሉ አሻፈረኝ ያልኩት እኔ ነኝ። በአንቺ ዕድሜ ብረት አድርጌ ‹አጥር› ነበር የሚሉኝ። የትምህርት ቤት ፎቶዎቼን አይተሻቸዋል፣ አንዱም ላይ ጥርሴ አይታይም። ልጄን እንዲህ እንዳይሏት ብዬ… ይኸው አንቺ ላይ አመጣሁብሽ።»

«እማ፣ አንቺ ምንም አላደረግሽም።»

«ተይኝ እስቲ። እልኸኛ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።»

የአይላ ስልክ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። የጂሊያን መልእክት ነው። «እንዴት ሆነ? ነቁብሽ?»

አልነቁም። ዝም ብትል ማንም አይነቃም። ምናልባት ቀዶ ሐኪሙ ራሱ ይደርስበት ይሆናል፤ ምናልባትም አይደርስበትም። ከወዲያ ክፍል የዶክተር ሱንድቫል ድምፅ ይሰማል፤ «አዎ፣ እጠብቃለሁ» ይላሉ በስልክ። አይላ እናቷን አየቻት። ካትያ ከንፈሯን ገጥማ፣ ልክ እንደ ፎቶዎቹ፣ ወለሉን ታያለች። እውነቱን ስትሰማ ይሄ ፊት ምን ሊሆን ነው? ከቀዶ ሐኪሙ ቢላዋ ይልቅ እሱ አስፈራት። እማ ለውሸት ያለቀሰችውን እንባ እንዴት አድርጋ ትመልስላታለች?

ለመልእክቱ ሳትመልስ ስልኩን አጠፋችው። ከዚያ ከብረት ሳህኑ ላይ ፕላስቲኩን አንስታ ጥርሷ ላይ አስቀመጠችና በሁለት አውራ ጣቶቿ ገፋችው። ቀጭ፣ ቀጭ ብሎ ገባ፤ ክራንቻዋ ጋ ሲደርስ ብቻ ክፍተት ቀረ። ድዷን አመማት።

«እማ» አለች። «ስልኩን ሳይጨርሱ የምነግራቸው ነገር አለ። ለአንቺም ጭምር።» ሁሉም «ስ» አፏጨ፣ ምራቋም ተረጨ።

ካትያ ቀና አለች። «ምን አልሽ የኔ ልጅ? ተኮላተፍሽብኝ። ፕላስቲኩን አውጪና ንገሪኝ።»

አይላ ከወንበሩ ወረደች።  የእናቷን እጅ ይዛ ወደ ቢሮው በር አመራች፤ ፕላስቲኩን ግን አላወጣችውም።