ሁለት ዓይነት «እኛ»

ካሴቱ ጠፍቷል። በቦታው አንዲት ብጣሽ ወረቀት ተቀምጣለች፤ በፊደላችን አንድ ቃል ብቻ ተጽፎባታል፦ «ኪታ»።

ይገዙ ወረቀቷን አገላበጣት። አዲስ አበባ እያለ የወንጀል መርማሪ ነበር፤ ዛሬ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ካሴቱ የጠፋበት አፓርትመንት ጥበቃ ነው። የመርማሪነት ዓመሉ ግን አለቀቀውም።

«ፉአድ ነው የሰረቀኝ!» አሉ የቋንቋ ምሁሩ አቶ ኃይለልዑል። «አሁኑኑ ፖሊስ ኮል አደርጋለሁ።»

ይገዙ ደነገጠ። ፉአድ እዚሁ አሜሪካ፣ አቅራቢያቸው ባለችው አሌክሳንድሪያ የሚኖር የቀድሞ ተማሪያቸው ነው። የመኖሪያ ወረቀቱ ገና አልወጣለትም፤ በስርቆት ከተከሰሰ አለቀለት።

«ካሴቱ ምን ይሠራለታል ጋሼ?»

«ካሴቱ ላይ የቀዳሁት የአንዲት የፓስፊክ ደሴት ቋንቋ ነው። የዚያች ደሴት ቋንቋ ከደቡብ ምሥራቅ ሰሎሞን ቋንቋዎች ወገን ነው እላለሁ። እሱ አይደለም ይላል። ማስረጃዬ እሱ ካሴት ብቻ ነው። የመጨረሻዋ ተናጋሪ አሮጊት ሞተዋል።»

«የቤቱ ቁልፍ ማን ጋ አለ?»

«እኔና ባለቤቴ ጸዳለ ጋ። ፉአድ ግን ትናንት መጥቶ ነበር።»

«‹ኪታ› ምን ማለት ነው?»

«‹እኛ›። እያላገጠብኝ ነው!»

«በቃ፣ ‹እኛ› ብቻ?»

«እነሱ ሁለት ‹እኛ› አላቸው። ‹ካሚ› ሰሚውን አይጨምርም። ‹ኪታ› ግን የምታናግረውንም ሰው...» አቋረጡ።

«ፉአድ ቢሆን የትኛውን ይጽፍ ነበር?»

«‹ካሚ›ን» አሉ አቶ ኃይለልዑል ቀስ ብለው።

ይገዙ ባዶውን የካሴት ሽፋን አነሳ። ካሴቱ ነገ ድምፅ ለሚያጠራ ስቱዲዮ እንዲሰጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ጀርባው ላይ በአቶ ኃይለልዑል እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ «ከ12ኛው ደቂቃ ጀምሮ የሕፃን ጫጫታ አለ። ቆርጣችሁ አውጡት።»

«ሕፃኑ የማን ነው?»

«የእኔ» አሉ ወይዘሮ ጸዳለ ከኋላው። ካሴቱን ከጋውናቸው ኪስ አወጡ። «እዚያ ደሴት በአራት ዓመቷ በወባ ሞታ የቀበርናት ልጃችን፣ ሚስጥር ናት። ከዚህ ሌላ የቀረ ድምፅ የላትም። እሱ ግን ጫጫታ ብሎ ጻፈባት።»

ይገዙ ስንት ሌባ ይዟል፤ ይህን የመሰለ ግን ገጥሞት አያውቅም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ ባልየው።

«ስሟን ባነሳሁ ቁጥር ከቤት ትወጣለህ።»

አቶ ኃይለልዑል ስልኩን አስቀመጡ። ካሴቱን ተቀብለው ማጫወቻው ውስጥ ከተቱት። አሮጊቷ «ካሚ» ሲሉ ተሰማ። ቀጭን የልጅ ድምፅ ተቆጣቸው፦ «ኪታ! ኪታ!» እኔንም ጨምሩኝ ማለቷ ነው።

ሽማግሌው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

«ከመጀመሪያው እንስማው እስቲ፣ እኛ» አሉ ወይዘሮ ጸዳለ።

አማርኛ ያለው አንድ «እኛ» ብቻ ነው። ይገዙ ግን እሱን እንደማይጨምር ገባው፤ ወጥቶ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።