ውሃ የጠጡት ሦስቱ ምሰሶዎች

ተቆጣጣሪው መሐንዲስ በአሳንሰሩ ጉድጓድ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ የተገኘው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። የግንባታው ውል ከተቋረጠ አንድ ቀን እንኳ አልሞላም። የወደቀው ከሦስተኛ ፎቅ ነበር።

ምርመራውን የያዘችውን ኢንስፔክተር ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ጥቂት ትናገራለች፣ የምትናገረው ግን ይወጋል። ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ ሦስት ሰዎች ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ጠበቋት። አንዷ የሕንፃው ባለቤት፣ ጉልበቷን ስለሚያማት ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘበኛው ደግፎ ያወጣት ጡረተኛ ነርስ ናት። ሁለተኛው ሥራ ተቋራጩ ነው። ሦስተኛው የተቋራጩ ታላቅ ወንድም፣ እንደ ግንበኛ ቱምቢ ቀጥ ብሎ ከመቆሙ የተነሳ «ቱምቢ» የሚባለው ፎርማን ነው።

«ልጄ፣ ምን መመርመር ያሻል? ገዳዩ ይኸው!» አለች ባለቤቷ ወደ ተቋራጩ እየጠቆመች። «የምድር ቤቱ ምሰሶዎች ልስናቸው ሲነሳ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ጣቴ ይገባል! መሐንዲሱ ጉድለቱን ጻፈልኝ፤ ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የውል ማቋረጫውን ደብዳቤ ለዚህ ለተቋራጩ ሰጠሁት። ያኔ ምን እንዳለ ዘበኛውን ጠይቂው።»

ዘበኛው መሬት መሬት እያየ፣ «መሐንዲሱን ‹ከዚህ ሕንፃ በእግርህ አትወርድም› አለው» አለ።

«ብያለሁ!» ጮኸ ተቋራጩ። «ደሜ ፈልቶ ነዋ! ደግሞ እኔ እዚህ ምን አለኝ? ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌላ ከተማ ነበርኩ፤ ትናንት ነው የመጣሁት። ስለ ምሰሶ ወንድሜን ጠይቂው፤ የሚሠራው እሱ ነው።»

የገዛ ወንድሙን እንዲህ በቀላሉ ሲገፋው ባለቤቷ እንኳ ቀና ብላ አየችው።

ኢንስፔክተሯ ፎርማኑን ለብቻው ወሰደችው።

«ትናንት ከዘጠኝ በኋላ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ተኝቼ።»

«ደብዳቤው ላይ የእርስዎም ስም አለ?»

«አለ። ‹ጉድለቱን በልስን የሸፈነው ፎርማኑ ነው› ይላል።»

«እውነት ነው?»

«ሲሚንቶ ያጎደለውም፣ ለስን ብሎ ያዘዘውም ሌላ። የተጻፈው ግን የእኔ ስም ነው።»

ፎቁ ላይ በጆንያ የተጠቀለሉ አሥራ አንድ ምሰሶዎች ቆመዋል። ኢንስፔክተሯ አንድ በአንድ በመዳፏ ዳበሰቻቸው። የስምንቱ ጆንያ እንደ ደረቅ ቆዳ ይንኮሻኮሻል። በሦስቱ እግር ሥር ግን ውሃ አቁሯል።

«ይኼ ለምንድን ነው?» አለችው ዘበኛውን።

«አዲስ አርማታ ሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ካልጠጣ ይሰነጠቃል። ትናንት ማታ ግን ማን ያጠጣል? ሠራተኛው በዘጠኝ ሰዓት ተባሯል። በሩን እኔው ቆልፌያለሁ።»

«ሌላ መግቢያ የለም?»

«በጀርባ በኩል የላላ ቆርቆሮ አለ። እሱን የማያውቅ የለም።»

ወጣቱ ፖሊስ ካቴናውን አውጥቶ ተቋራጩ አጠገብ ቆሟል። «ሰው ፊት ዝቷል፣ ኢንስፔክተር። ከዚህ ሌላ ምን እንፈልጋለን?»

የተቋራጩ ፊት አመድ መሰለ። ታላቅ ወንድሙን ለመጀመሪያ ጊዜ በልመና ዓይን አየው፤ ቱምቢ ፊቱን አዞረበት።

«ቆይ» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ሁሉንም ከምሰሶዎቹ አጠገብ ሰብስባ። «ትናንት ከሰዓት የነበረውን ፀሐይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የትናንት ጠዋቱ ውሃ እስካሁን አይቆይም። ስለዚህ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አንድ ሰው እዚህ ወጥቶ ውሃ አጠጥቷል። ለምን ሦስቱን ብቻ? ሰባት ቀን ያልሞላቸው ሦስቱ ስለሆኑ ነው። ለእኔ አሥራ አንዱም አንድ ናቸው። የትኛው መቼ እንደተሞላ የሚያውቀው ግን ቆሞ ያስሞላው ነው። የሕንፃው ባለቤት እስከ ዛሬ እዚህ ወጥተው አያውቁም። አርማታው ሲሞላ ተቋራጩ ሌላ ከተማ ነበር። የዘበኛው ሥራ በር ላይ ነው። መሐንዲሱ ሞቷል።»



«ማጠጣት መግደል አይደለም» አለ ቱምቢ በዝግታ።

«አይደለም። ግን ተኝቼ ነበር አሉኝ። ደግሞ በሟቹ ኮት ደረት ላይ የእርጥብ ጆንያ ክር ተለጥፎ ደርቋል፤ ሁለት ቦታ፣ በመዳፍ ልክ። የገፋው እጅ ጆንያውን ሲያርስ የነበረ እጅ ነው።»

ቱምቢ መዳፎቹን አየ።

«ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በቆርቆሮው በኩል ና ብዬ ለመንኩት፤ መጣ። እነዚህ ሦስቱ ሲሚንቶ አልጎደለባቸውም፣ መዶሻ አምጥተህ ምታቸው፣ ስሜን ብቻ ከደብዳቤው አውጣልኝ አልኩት። ‹ሁሉም ይፈርሳል፤ አንተንም ከእንግዲህ አጥር የሚያሠራህ የለም› አለኝ። እጄ ቀደመኝ።»

«ጋሼ...» አለ ተቋራጩ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «ለእኔ ብለህ ነው?»

«ለአንተ?» ቱምቢ ሳቀ፤ መራራ ሳቅ ነበር። «ያጎደልከው አንተ፣ ስሙ የጠፋው እኔ። አሁን ካቴናው አንተ እጅ ላይ ሊገባ ሲል ዝም ያልኩት ለምን መሰለህ? ደስ ብሎኝ ነው።»

ተቋራጩ አንገቱን ደፋ። «ጠበቃ አቆምልሃለሁ፣ ጋሼ። ጥሩ ጠበቃ» አለ።

«አደራ» አለ ቱምቢ፣ እጆቹን ለወጣቱ ፖሊስ እየዘረጋ፣ «እንደ ሲሚንቶው እንዳታጎድልበት።»

ደረጃው ገና መደገፊያ አልተሠራለትም። ወንድምየው ሊይዘው እጁን ዘረጋ። ቱምቢ በታሰሩ እጆቹ ግድግዳውን እየተደገፈ ወረደ።