የጎባጣው ሜዳ

ጋሽ ኖራ ከውሃ ማማው መሰላል ሥር በጎናቸው ተጋድመው የተገኙት ጨዋታ በነበረበት ቀን ማለዳ ነው። ማማው ከከተማው ዳር ላለው ለዚያ ሰፈር ምልክቱ ነው፤ ከየትኛውም መስኮት ብቅ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። የዚያን ቀን ግን ያየው ሁሉ ፊቱን አዞረ። ከሰፈሩ ተመሳሳይ ጣሪያዎች በላይ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለው ደመና አይዘንብ፣ አይገለጥ። ሜዳው ዙሪያውን በገመድ ታጠረ፤ ሊጫወት የመጣው እንግዳ ቡድንም ማሊያውን እንደለበሰ ተመለሰ።

መርማሪዋ ስትደርስ ነገሩ ያለቀ መስሎ ጠበቃት። የጣቢያው አዛዥ እየተራመደ አስረዳት። ሟቹ የሜዳው ጠባቂ ናቸው፤ ሣር ያጭዳሉ፣ መስመር ያሰምራሉ፣ ስማቸውም የወጣው ከልብሳቸው ከማይጠፋው ኖራ ነው። ከመሰላሉ የወደቁ ቢመስሉም የተመቱት ማጅራታቸው ላይ ነው፤ የጫማቸው ተረከዝ ደግሞ ሣር ጎትቷል። ትናንት ልምምድ ላይ ከእህታቸው ልጅ ጋር በሰው ፊት ተጣልተዋል። ልጁ የቡድኑ በረኛ ነው፤ ኳስ ከእጁ ስለማይላቀቅ ሙጫው ይሉታል። ወደ ሌላ ቡድን ሊሄድ ነው ተብሎ አጎቱ ተቆጡ፣ እሱም መለሰላቸው። አመሻሹ ላይ በመጨረሻ ከበሩ ሲወጣ የታየው እሱ ነው። ዛሬ ሳይመሽ ወደ ዋናው እስር ቤት ይላካል።

የሙጫው እናት፣ የሟቹ እህት፣ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አያለቅሱም። መርማሪዋን ቀና ብለው አዩዋት።

«ወንድሜን ልቅበር ወይስ ልጄን ልከተል? አንዱን ንገሪኝና ልነሳ።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ትከሻቸውን ነካች። «ትንሽ ይቆዩኝ፣ እናቴ» አለች።

የክበቡ ሊቀመንበር እዚያው ተቀበላት። አዲሶቹ ቤቶች ሲሠሩ ወደ ሰፈሩ የገባ፣ ጫማው የሚያበራ፣ ንግግሩ የለዘበ ሰው ነው። ቀኝ እጁን በመሐረብ ጠምጥሞታል፤ የፈላ ውሃ አፈሰስኩበት አለና ግራውን ዘረጋላት። ትናንት ልምምዱን ከክበቡ ቤት በረንዳ ሆኖ አይቶ፣ ሳይመሽ ወደ ቤቱ መሄዱን ሳይጠየቅ ነገራት። መርማሪዋ መንገድ እንደጠፋበት ሰው ዓይኗን ታንከራትት ነበር። ከበሩ በላይ በቀለም የተጻፈውን አነበበች።

«ለምን ይሆን የጎባጣው ሜዳ የተባለው?»

«ከሟቹ እኮ ነው» አለ ሊቀመንበሩ በሐዘን ፈገግ ብሎ። «ወገባቸው እንዴት እንደጎበጠ አላዩም? ነፍስ ይማር፣ ሜዳውን በስማቸው ጠሩላቸው።»

መርማሪዋ አመስግና አለፈች።

ሙጫውን ያገኘችው ኳስና መረብ በሚቀመጥበት ክፍል፣ እጁ በካቴና ታስሮ ነው። አጎቱ ወገባቸው ከጎበጠ ወዲህ መሰላል ወጥተው እንደማያውቁ፣ ማማው ላይ ወጥቶ የታንከሩን ውሃ የሚከፍተው እሱ መሆኑን ነገራት። ይህን መናገር ራሱን ማሰር እንደሆነ ያውቃል፤ ቢሆንም ተናገረ። ትናንት ተመልሶ ይቅርታ ሊጠይቃቸው ነበር፤ ከሜዳው ዳር ካለው ዛፍ ጋ መስመር ሲያሰምሩ ከሩቅ አያቸውና አኩርፎ ሄደ። እሷም ስለ ሜዳው ስም ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችው።

ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ አለ። «መስመሩ ነዋ! ትልቁ ዛፍ ሥሩን ወደ ሜዳው ሰዷል። ቁረጡት ሲባሉ ጋሼ እምቢ አሉ፤ የዳር መስመሩን በዛፉ ሥር ዙሪያ አጎበጡት። ያን ጊዜ እኔ ገና ኳስ አቀባይ ነበርኩ።»

አሰልጣኙም ያንኑ ነው ያላት፣ በራሱ አፍ። ድምፁ የጎረነነ፣ ሐዘኑን በቀልድ የሚሸፍን ሰው ነው።

«የመስመር ዳኛ ሁሉ እዚያ ጋ ሲደርስ እንደ ሰካራም ዞሮ ነው የሚሮጠው። እንግዳ ቡድን ሲሰድበን፣ ኳሳችሁም እንደ መስመራችሁ ጠማማ ነው ይለናል።»

«መጉበጡ ከበረንዳው ይታያል?»

«የለም፣ አጥሩ ላይ ያሉት ቁጥቋጦዎች ይጋርዱታል። ሣሩን ያልረገጠ ሰው አያየውም። እኔና ጋሽ ኖራ በሣር ቁመት ስንጨቃጨቅ ነው ያረጀነው፤ ማን ገደላቸው ቢሉኝ እኔ ራሴ ደጋግሜ ዝቼባቸዋለሁ።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። ዛፉ በአንድ ጎኑ ያለ ወቅቱ መድረቅ ጀምሯል። ትናንት ሽማግሌው ከልምምድ በኋላ፣ ከበረንዳው ፊት ለፊት ቆመው፣ ዛፉን የሚያሳምመውን ደርሼበታለሁ፣ ነገ ከጨዋታው በፊት ለሕዝቡ እናገራለሁ ብለው ነበር።

«ዛፉ ቢሞት ማን ይጠቀማል?»

አሰልጣኙ ወደ በረንዳው አልተመለከተም። ሊቀመንበሩ በዛፉ ቦታ፣ የአባቱ ስም የሚጻፍበት ባለ ጣሪያ የተመልካች መቀመጫ ለመሥራት ለትልልቅ ሰዎች ቃል ገብቷል። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ዛፉ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ አይቆረጥም ብሎታል።

መርማሪዋ ገመዱን ተሻግራ ብቻዋን ወደ ዛፉ ሄደች። ከግንዱ ሥር በጭቃ የተደፈኑ ጉድጓዶች አገኘች፤ ብታሸትታቸው ጋዝ ጋዝ ይላሉ። ከዚያ ዞር ብላ መስመሩን አየች። ማለዳ ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ማማው አድርጎ ነበርና ማንም ልብ አላለውም። ተንበረከከች፣ በቁልፏ ጫፍ ኖራውን ጫር አደረገች፣ ለአፍታ አየችና መልሳ ሸፈነችው። ከላይዋ አንድ ቢጫ ቅጠል ወርዶ ትከሻዋ ላይ አረፈ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ዛፉ ሥር እንዲሰበሰቡ አደረገች፤ ሊቀመንበሩ፣ አሰልጣኙ፣ አዛዡ፣ ተጫዋቾቹ፣ ሙጫው ከነካቴናው፣ እናቱም። ከመንገዱ ወዲያ የአንድ ቤት መስኮት ሲዘጋ ተሰማ።

«ጋሽ ኖራ የሞቱት ማማው ሥር አይደለም» ብላ ጀመረች። «መሰላል እንደማይወጡ ተጫዋች ሁሉ ያውቃል። ማማው ሥር የጣላቸው ሰው ግን ይህን አያውቅም። የሞቱት እዚህ፣ የመጨረሻውን መስመር እያሰመሩ ሳለ ነው። የፈሰሰው ደም ሣሩ ላይ ቀረ። ገዳዩ አጠገቡ ያገኘው የሟቹን የኖራ ጋሪ ነው፤ ኖራውን በእጁ ዝቆ ደሙ ላይ አፈሰሰ። አንድ ቦታ ብቻ ቢከምረው ያስታውቃል፤ ስለዚህ ጋሪውን እየገፋ እስከ ማዕዘኑ ድረስ አሰመረ፤ አሮጌው መስመር ከሣሩ ጋር ታጭዶ ስለጠፋ የሚመራው አልነበረም። የሚያየው ሁሉ ሽማግሌው ሥራቸውን ጨርሰው ነው የሞቱት እንዲል። አሁን መስመሩን እዩት።»

አዩት። መጀመሪያ የገባው ለአሰልጣኙ ነው፤ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ከዚያ ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። መስመሩ በዛፉ ሥር ላይ፣ በቀጥታ አልፎ ሄዷል።

«ከእናንተ መካከል ዓይኑን ጨፍኖ ቢያሰምር እዚህ ጋ የማያጎብጥ አለ?» አለች መርማሪዋ። «ሙጫው ቢሆን ያጎብጠው ነበር። አሰልጣኙም ቢሆኑ እንዲሁ። ቀጥ አድርጎ የሄደው መጉበጡን የማያውቅ ሰው ነው።» ዞር አለች። «ሊቀመንበር፣ የሜዳውን ስም ነገር እስቲ ለነዚህም ይንገሩልኝ።»

ሊቀመንበሩ ዙሪያውን ቃኘ። ዓይኖች ሁሉ እሱ ላይ ነበሩ።

«ማንም ሰው በስም ሊሳሳት ይችላል» አለ።

«ይችላል። በስም የተሳሳተ ሁሉ ግን በዚያው ላይ እጁ አይቃጠልም። መሐረቡን ይፍቱልኝ።»

ስላልፈታው አዛዡ ፈታው። መዳፉ የፈላ ውሃ እንደነካው ቆዳ አልተላጠም፣ ውሃም አልቋጠረም፤ ነጭ ሆኖ፣ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቋል። እርጥብ ኖራ በእጁ ዝቆ ሳይታጠብ የቆየ ሰው እጅ ነው። ጋሽ ኖራን የሚያውቁ ሁሉ ያንን ያውቃሉ።

ሊቀመንበሩ የዛፉን ደረቅ ጎን ቀና ብሎ አየ። «ለዛፍ ብለው ሰውን በሕዝብ ፊት ሊያዋርዱ ነው?» አለ ቀስ ብሎ። «እንነጋገር አልኳቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መስመራቸውን ቀጠሉ። የመስመሩን ሲባጎ የሚያስሩበት ችንካር እዚያው ነበር።»

ይዘውት ሄዱ። የሙጫው ካቴና ሲወልቅ እናቱ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም።

«እንግዲህ ወንድሜን ልቅበር» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ልጁ ግን ወዲያው አልተከተላቸውም። ፖሊሶቹ ደም የነካውን ኖራና አፈር ዝቀው ከወሰዱ በኋላ፣ የቀረውን ቀጥ ያለ መስመር በመጥረጊያ አጠፋ። ከዕቃ ክፍሉ ሌላ ጋሪ አመጣና ጎንበስ ብሎ ያለ ሲባጎ ማስመር ጀመረ። ተጫዋቾቹ ዳር ቆመው ያዩታል፤ የሰፈሩም ሰው ከየመስኮቱ።

ዛፉ ጋ ሲደርስ እናቱ «እዚያ ጋ ዙር» አሉት።

እሱ ግን ቀድሞ ዞሯል።