ፊት ፈቺው ያላወቃት ልጅ

የምግብ ቤቱ ጠረጴዛ እንደ ወትሮው ከሐዋሳ ሐይቅ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ በአየር ላይ ተንሳፍፏል። አልጋነሽ ከጎረቤት ጠረጴዛ ሆና ልጇን ትርሲትንና ናሆም የሚባለውን ወጣት ሰረቅ እያደረገች ታያለች። የከተማው ልማድ ነው፤ ለትዳር የሚተዋወቁ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን አንድ የቤተሰብ ሰው በአቅራቢያቸው ያስቀምጣሉ።

በአልጋነሽና በናሆም ጆሮ «ፊት ፈቺ» አለ። ሕልም ፈቺ ሕልም እንደሚፈታ ሁሉ፣ ይህች ምስር የምታህል መሣሪያ የሰውን ፊትና ድምፅ አጥንታ ስሜቱን በሹክሹክታ ትናገራለች። ናሆም በአራት ዓመቱ ኦቲዝም እንዳለው ስለታወቀ ያለ እሷ ከቤት አይወጣም። ትርሲት ግን በልጅነቷ ሦስቴ ተመርምራ ሦስቴም «ደኅና ናት» ተብላለች። ደኅና ከሆነች ታዲያ ከሰው ጋር በዋለች ቁጥር ለምን ሦስት ቀን በሯን ዘግታ ትተኛለች? አራት ወንዶች «ኮራችብን» ብለው ሄደዋል። አልጋነሽ አምስተኛው እንዳይሄድ ስእለት ገብታለች።

ናሆም ድንገት ዞረ።

«እማማ፣ የእርስዎ ምን ይላል? የእኔ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ‹ደስተኛ ናት› ብቻ ነው የሚለው። የማወራው እኮ ስለ ውሃ ፓምፕ ነው! በፓምፕ ወሬ ይህን ያህል የተደሰተ ሰው አይቼ አላውቅም።»

አልጋነሽን ላብ አጠመቃት። «አዎ፣ ተደስታለች» ብትል ነገሩ ይቀጥላል። እውነቱን ብትናገር ይህም ሊሄድ ነው። ልጇን አየች። ፈገግታው ከንፈሯ ላይ የተሰፋ ይመስላል፤ ከጠረጴዛው ሥር ግን አውራ ጣቷ የቀሚሷን ጫፍ እየፈተገ ሊተረትረው ደርሷል።

«አልተደሰተችም ልጄ። ጨንቋታል።»

«እማዬ!»

የትርሲት ፈገግታ ጠፋ። የናሆምና የአልጋነሽ ፊት ፈቺዎች ለትርሲትም እስኪሰማ እኩል ጮኹ፤ «ተቆጥታለች! ይቅርታ ጠይቁ!»

«አልተቆጣሁም» አለች ትርሲት፣ ፊቷ እንደ ረጋ ውሃ ዝም ብሎ። «ሙዚቃው ጆሮዬን እየወጋኝ ነው። ፓምፑ ግን ደስ ይላል። ቫልቩ ለምን እንደሚደፈን ገና አልነገርከኝም።»

ናሆም መሣሪያውን ከጆሮው አውጥቶ ሳህኑ ላይ ካለው የዓሣ አጥንት መሃል ጣለው። «እኅቴ ቁርጥ አንቺን ናት። እኔ በልጅነቴ ክዳን እየደረደርኩ እጮህ ስለነበር ኦቲዝም እንዳለኝ ቶሎ ታወቀልኝ። እሷ ሰው እያየች ትስቅ ስለነበር በሠላሳ ዓመቷ ነው የታወቀላት። ይህን ዕቃ ያስተማሩትም የወንድ ልጆችን ፊት ብቻ እያሳዩ ነው። ሙዚቃውን ላስጠፋው?»

«ምን ትጠብቃለህ?»

ናሆም ብድግ ብሎ ሄደ። ሙዚቃው ቆመ።

«ሳቁንማ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አለች አልጋነሽ፣ ድምፅዋ ተሰብሮ። «እንግዳ ፊት ፈገግ በይ፣ ዓይን ዓይኑን እይ እያልኩ።»

«ጎበዝ አስተማሪ ነሻ! ማሽን እንኳ አታለልሽ።»

«እቤት ለእኔ የምትስቂውስ?»

ትርሲት አሰበች። በቃል መዋሸት አትችልበትም። «እሱም እንዳትጨነቂ ነው። የእውነት ደስ ሲለኝ ፊቴ ዝም ይላል፣ እማዬ።»

ናሆም ተመለሰ፤ ሁለቱም ፈገግ ሳይሉ በቫልቩ ጉዳይ ተጠመዱ። አልጋነሽ ስንቱን ምሽት አስታወሰች፤ ትርሲት ራሷ የሠራቻቸውን ሮቦት ዓሣዎች እየፈታታች ያለ ድምፅ የምትቀመጥበትን። ያንን ፊት እያየች «ልጄን ምን ሐዘን ገባት» ብላ ጓዳ ውስጥ ስንቴ አልቅሳለች!

ለካስ ያን ሁሉ ዓመት ያለቀሰችው በልጇ ደስታ ላይ ኖሯል።