ለእንግዳ የተቀመጠው መከለያ

እስቲ ፍረዱ! እናት አንድ ልጇን አሳድጋ፣ ሠራዊት ልካ በሰላም ተቀብላ፣ ለሠርጉ ሽር ጉድ ስትል ዓይኑን የሚያጠፋባት የገዛ ወንድሟ ሲሆን ምን ይባላል? ዘቢደር እስራኤል አገር፣ ክርያት ያም ውስጥ ሕንፃ እያጸዳች ናዳቭን ያሳደገችው ባሏ ከሞተ በኋላ ነው። ብቻዋን ነበረች እንዳይባል ታላቅ ወንድሟ ያረጋል ነበረላት። ከጎንደር ሲመጡ በበረሃ ያዘላት እሱ፣ ሲከፋት የሚያባብላት እሱ! በዕድሜዋ ሙሉ «አንቱ» ሳትል ጠርታው አታውቅም። ናዳቭ ከሠራዊት ሲወጣም ያረጋል «ልጅሽ ልጄ ነው» ብሎ እሱ አለቃ በሆነበት ሚፍዓል፣ ሃይፋ ወሽመጥ ዳር ብረት በአሲድ የሚታጠብበት ፋብሪካ አስገባው።

ያረጋል ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው! አዲስ ነገር ማስነካት ግን አይወድም። እናታቸው ጥሩውን ዕቃ ሁሉ ለእንግዳ ብለው ያስቀምጡ እንደነበረው፣ እሱም አዲሱን የፊት መከለያና ዙሪያውን ቆዳ ላይ ገጥሞ የሚዘጋውን መነጽር ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ነው የሚወጣው! ለሠራተኛው ጎኑ ክፍት የሆነ ቀላል መነጽር ይሰጣል። ያ መነጽር የብረት ፍንጣሪ ይመልስ ይሆናል፤ በጎን፣ በላይ፣ በታች ለሚረጭ አሲድ ግን ምን ይፈይዳል? ለአሲድ ዙሪያውን የሚዘጋው መነጽር ይደረጋል፤ በላዩ ደግሞ እስከ አገጭ የሚወርደው መከለያ ይደረባል። መከለያውም ብቻውን አያድንም፣ አሲዱ በሥሩ ይገባላ! ያረጋል ይህን ሁሉ ተምሮታል፣ ያውቀዋል።

አንድ ቀን ናዳቭ አሲድ ሊገለብጥ ሲል ጠየቀው።

«ዶድ» አለ አጎቱን፣ «የሚዘጋውን ስጠኝ። ይኼ አይሆንም።»

«አዲሱን ልትቧጭረው ነው? ነገ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ለዛሬ በዚሁ ጨርስ።»

«ቤሰደር፣ እሺ» አለ ልጁ። አጎቱ ነዋ! ካሳደገው አጎቱ ጋር ሙግት ይግጠም?

ጀሪካኑ ከእጁ አመለጠ። አሲዱ ብረቱን መትቶ በመነጽሩ ሥር ገባ... ወይኔ! ወይኔ ልጄን! ውኃ አፈሰሱበት፣ ሆስፒታል አደረሱት፤ ዓይኖቹ ግን አልተመለሱም። የፋብሪካው ባለቤት «እኔ ዕቃውን ገዝቻለሁ» ብሎ ነገሩን ዘጋ። ናዳቭ እጮኛውን ኖጋን «ሂጂ፣ እኔን ስትመሪ አትኑሪ» ብሎ እያለቀሰ አሰናበታት። ዘቢደርም ለሠርጉ የገዛችውን ቀሚስ በመቀስ ቆራረጠችው።

እንባዋ ሲደርቅ በቀል ገባባት። ያረጋል ሲደውል ስልኩን ትዘጋበታለች፤ ለቅሶ ቤት ካገኘችው በሰው ፊት «የልጄን ዓይን ይመልሱ!» እያለች ታዋርደዋለች። ሚስቱን የቀበረ፣ ልጅ ያልወለደ ሰው፣ እሷን ካጣ ማን አለው? ይህን ታውቃለች፤ ስለምታውቅም አጥብቃ ጨከነችበት። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ይዘውት መጡ። ሸበቶው ያረጋል አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃፏ ላይ ተንበረከከ።

«እኅቴ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ...»

«ድንጋይህ ምን ያደርግልኛል? አንተ!» አለችው። ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። «ልጄ የቆመበት ቁም! ለልጄ የሰጠኸውን መነጽር አድርገህ አሲዱን ገልብጥ! ያኔ ይቅር እልሃለሁ!»

«ኢማ፣ ተይ!» ናዳቭ ከውስጥ ወደ እናቱ ጮኸ። «እኔ ይቅር ብየዋለሁ!»

«ዝም በል! ዓይንህ የእኔም ነበር!»

ሽማግሌዎቹ ቃሏን እንድትመልስ እግሯ ላይ ወደቁ። አልመለሰችም። እንዲያውም ያረጋል ድንጋዩን አውርዶ «እሺ» ሲል ጮቤ ረገጠች። የምሩን ነው ብላ ግን አላሰበችም።

በማግሥቱ ያረጋል ቁም ሳጥኑን ሳይከፍት፣ ጎኑ ክፍት የሆነውን መነጽር አድርጎ ናዳቭ ከቆመበት ቆመ። ጀሪካኑን አንስቶ ገለበጠ። አይነካኝም ብሎ ይሁን፣ ይንካኝ ብሎ፣ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። አሲዱ አልማረውም።

ዘቢደር የናዳቭን እጅ ይዛ ሆስፒታል ሮጠች። በቀሏ ደረሰላት፤ ደስ ይበላት እንግዲህ! ያረጋል ዓይኑ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ድምፅዋን ሲሰማ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

«ቆምሁ እኮ፣ እኅቴ... አሁንስ ይቅር አልሽኝ?»

«ይቅር ብያለሁ! ኧረ እኔን ይድፋኝ!» ብላ መሬት ላይ ወደቀች።

ናዳቭ አላነሳትም። «ኢማ፣ የእሱ ሲጠፋ የእኔ በራ?» ብሎ ብቻ ጠየቃት። ከዚያ እየዳሰሰ ሄዶ የአጎቱን እጅ ያዘ።

ከሆስፒታል ሲወጡ ልጁ ወደ እናቱ ቤት አልተመለሰም፤ ክርያት ሐይም፣ ከአጎቱ ቤት ገባ። ጎረቤት ዕጣ ፈንታ ነው ይላታል። ዕጣ ፈንታ? የመጀመሪያውን አሲድ ዕጣ አፈሰሰው እንበል፤ ሁለተኛውንስ? ለሰው በሰላ አንደበት ፍርድ የምንሰጥ ሁላችን እስቲ ለዚህ መልስ እንስጥ። ዘቢደር ዛሬም ከሥራ ስትወጣ ወጥ በሳህን ይዛ በራቸውን ታንኳኳለች።

«ክፈትላት እንጂ፣ እናትህ ናት» ይላል ያረጋል ከውስጥ።

ናዳቭ አይነሳም።