የእማሆይ ብልቃጥ

ኢንስፔክተር ሥርጉት ሆስፒታሉ ስትደርስ የእማሆይ ወለተ ሩፋኤል አስከሬን ገና ከአልጋው አልተነሣም ነበር። ሐኪሙ ነጠላቸውን ገለጥ አድርጎ አፋቸውን አሳያት። ከንፈራቸውና ምላሳቸው በቁስል ተልጧል።

«ለመገጣጠሚያ ሕመማቸው በሳምንት አንድ ፍሬ ብቻ ታዝዞላቸው ነበር» አላት። «እሳቸው ግን ከሦስት ቀን በፊት እዚህ እስኪገቡ ድረስ በየቀኑ ሲውጡት ከርመዋል። ይህ መድኃኒት ሲበዛ መርዝ ነው።»

ከራስጌያቸው የተገኘውን ብልቃጥም ሰጣት። ተለጣፊው ላይ አንድ አውራ ዶሮና አንድ ክኒን ተሥለዋል፤ ከሥሩም «በየቀኑ ጠዋት አንድ ፍሬ» የሚል ጽሑፍ አለ። እማሆይ ፊደል አልቆጠሩም፤ የሚያምኑት ሥዕሉን ነበር።

የሥዕሉ ባለቤት ኪዲ የምትባል ወጣት ፋርማሲስት ናት። ከሐይቅ አቅራቢያ ባለችው ዘንዘልማ፣ መንገድ ዳር ትንሽ መድኃኒት ቤት አላት። ማንበብ የማይችሉ ሕሙማን «እሺ፣ እሺ» ብለው ወጥተው፣ ቤታቸው ሲደርሱ የጠዋቱን ከማታው ሲያደባልቁ ብታይ ጊዜ ነበር በየብልቃጡ ሥዕል መለጠፍ የጀመረችው። አሁን ጣቢያ ታስራለች። ወሬው ሰፈሩን ሲያዳርስ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን ሳይቀሩ መድኃኒታቸውን እያመጡ ከተዘጋው በሯ ላይ ይጥሉ ጀመር። የጣቢያው አዛዥ ሥዕሉም ስሕተቱም የእሷ ነውና መዝገቡ ይዘጋ ብሎ ሥርጉትን ያጣድፋታል። ሥርጉት ግን በሩ ላይ የተጣሉትን ብልቃጦች በዓይኗ አይታ ነበር። መዝገቡ በስሕተት ከተዘጋ ሟች አንድ ብቻ እንደማይሆን ታያት።

ኪዲ ስትጠየቅ ሳታለቅስ መለሰች።

«ለእማሆይ የለጠፍሁላቸው ሰባት ፀሐይ ነው። ስድስቱ የተሰረዙ፣ አንዷ ብቻ የተከበበች። ረቡዕ ረቡዕ ማለት ነው። መልሰው እንዲነግሩኝ አድርጌ በትክክል ነገሩኝ።»

«መቼ ነው?»

«ታኅሣሥ 28። ዐቢይ ጾምን ሐይቁ ላይ ካለ ገዳም ስለሚከርሙ ሃያ አራት ፍሬ ሰጠኋቸው።»

«አውራ ዶሮውስ?»

«ያኔ አልነበረም። ለጠዋት የምለጥፈው ፀሐይ ነበር። መድኃኒት የሚወስዱት ሴቶች ‹መውጣቷ ይሁን መግባቷ በምን ይለያል?› ሲሉኝ ለጠዋት አውራ ዶሮ፣ ለማታ ኩራዝ አደረግሁ። የቀሩትን ፀሐዮች በጥምቀት ማግሥት አቃጠልኋቸው።»

ሥርጉት ይህን ለማንም እንዳትነግር አስጠነቀቀቻት። ከዚያ የእማሆይን ብልቃጥ ገልብጣ ክኒኖቹን ቆጠረች፤ ሰባት ቀርተዋል። ተለጣፊውን ወደ ብርሃን አዘንብላ ስታየው ከጠርዙ ሥር የሌላ ወረቀት ፍቅፋቂ አገኘች።

የእማሆይ ግቢ ዘንዘልማ ውስጥ፣ ከማሳና ከአዳዲስ ቤቶች መካከል ነው። ወደ እሳቸው የሚቀርቡት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዷ የምታስታምማቸው አደይ ናት። እሷም እንደ እማሆይ ማንበብ አትችልም። በአስተርእዮ ማርያም ማግሥት፣ ጥር 22 ቀን፣ እማሆይ «ታዝዞልኛል» ብለው በየጠዋቱ መዋጥ እንደ ጀመሩ ተናገረች። ማን እንዳዘዘላቸው ግን አልነገሯትም።

ሁለተኛው የአብነት ተማሪዎች የሚያስተምሩት መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ናቸው። እማሆይ ግቢውን ለአብነት ትምህርት ቤት ሊሰጡ የካቲት 15 ለመፈረም ተቀጣጥረው እንደነበር አልሸሸጉም። ሳይፈርሙ በየካቲት 8 ዐረፉ። ግቢው ቢሰጥ አደይም መጠጊያ ታጣ ነበር፤ ሥርጉት ይህንንም ልብ አለች።

ሦስተኛው የእማሆይ የወንድም ልጅ ምናሴ ነው። እዚያው ያደገ፣ አሁን የኮሌጅ መምህር የሆነ ሰው። ስጦታው እንዳስደሰተው ነገራት። ከዚያም ኪዲን አምርሮ ወቀሰ፤ ለሰው ሥዕል ከመለጠፍ ፊደል ማስተማር ይሻል ነበር አለ።

ሥርጉት ሦስቱንም ከኪዲ መድኃኒት ቤት የወሰዱትን ሁሉ ይዘው በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንዲጠብቋት አዝዛ ሄደች።

በማግሥቱ ኪዲን ከጣቢያ ይዛ መጣች። ሁሉም በእማሆይ መደብ ዙሪያ ተቀመጡ። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ በሩን ያንገጫግጨው ነበር።

«መጀመሪያ ኪዲን እንያት» አለች ሥርጉት። «ስሕተቱ ከመነሻው የእሷ ቢሆን ሃያ አራቱ ፍሬ በየቀኑ ሲዋጥ ጥር 21 ላይ ባለቀ ነበር። እኔ ግን ሰባት አገኘሁ። እማሆይ ሦስት ሳምንት ሦስት ፍሬ በትክክል ወስደዋል፤ ከዚያ አንድ ሰው ወረቀቱን ለወጠውና ሆስፒታል እስኪገቡ አሥራ አራት ቀን በየቀኑ ዋጡ። አደይ የነገረችኝ ቀንም ከዚሁ ጋር ይገጥማል።»

ብልቃጦቹን አንድ በአንድ አነሣች። የአደይ ባዶ ብልቃጥ ከገና በፊት የተሰጣት ሲሆን ፀሐይ አለበት። የመሪጌታ ከጥምቀት ወዲህ የተሰጠ ነው፤ አውራ ዶሮውና ኩራዙ ጎን ለጎን እንዳሉ ናቸው። ምናሴ የጨጓራ መድኃኒቱን ራሱ አቀበላት።

«ይኸው፣ የእኔም እንዳለ ነው» አለ።

«ምን ይላል?»

«በየቀኑ ጠዋት አንድ ፍሬ።»

«ሥዕሉስ?»

ምናሴ ብልቃጡን አገላብጦ አየ። ነገሩ አልገባውም። ከጀርባው ሆና የመለሰችው አደይ ናት።

«ፀሐይ ነው።»

ሥርጉት የመድኃኒት ቤቱን መዝገብ ገለጠች። «ይህ የተሰጠዎት ጥር 16 ነው። ያን ቀን መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አንድም ፀሐይ አልነበረም፤ የተለጠፈልዎት አውራ ዶሮ ነው። እሱን ከራስዎ ብልቃጥ ልጠው የእማሆይ ላይ ለጠፉት። ትናንት አምጡ ስላችሁ ደግሞ ባዶውን ለመሸፈን ከቀድሞ ብልቃጥዎ የቆየ ተለጣፊ ልጠው ለጠፉ። ጽሑፉ አንድ ስለሆነ ልዩነቱ አልታየዎትም። እርስዎ የሚያዩት ፊደሉን ነው። አደይ ብትሆን ኖሮ ይህን ስሕተት ከቶ አትሠራውም ነበር።»

ምናሴ ቤቱን ዙሪያውን አየ።

«እዚህ ነው ያደግሁት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ያንተ ነው እያሉ አሳደጉኝ። እጮኛዬን እንኳ አምጥቼ ቤት የምሠራበትን ቦታ አሳይቻታለሁ።»

«እማሆይን ምን አሏቸው?»

«ሐኪሙ ለውጦታል አልኋቸው። አንድም ነገር አልጠየቁኝም።»

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከደጅ የቆሙት ፖሊሶች ገብተው ምናሴን ይዘው ወጡ።

ሥርጉት ለኪዲ ነፃ መሆኗን ነገረቻት። ኪዲ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

«ሥዕሉን እንዲያነቡ አስተማርኋቸው» አለች። «የሚያምኑት ሰው ተለውጧል ሲላቸው መጥተው እንዲጠይቁኝ ግን አልነገርኋቸውም።»

ሥርጉት የመድኃኒት ቤቱን ቁልፍ መለሰችላት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ኪዲ ከበሯ ላይ የተጣሉትን መድኃኒቶች ለቅማ በዘንቢል ሞላች። አደይ የየባለቤቱን ቤት ስለምታውቅ በባጃጅ አብራት ወጣች። በየደጁ ሲወርዱ አንዳንዱ በር ሳይከፈት ይቀራል፤ አንዳንዱ ገርበብ ይላል። ኪዲም ብልቃጡን እያቀበለች ለሁሉም ያንኑ ትናገር ነበር፤ ሥዕሉ ከተለወጠ፣ የነገራችሁ ልጃችሁም ቢሆን፣ ከመዋጣችሁ በፊት መጥታችሁ ጠይቁኝ።