ሻጋታ የማያስጠጋው ማጣበቂያ

የሰፈሩ ሰው «ጠብ አይሌ» ይለዋል። ሥራው የመታጠቢያ ቤት መገጣጠም ነው፤ እሱ የገጠመው ቧንቧ፣ እሱ የደፈነው የገንዳ ጠርዝ ጠብ አይልም። ቅጽል ስሙን ይወደዋል። አዲስ ደንበኛ ቤት ሲገባ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ድሮ የሠራሁትን ሄዳችሁ እዩት፤ ሻጋታ እንኳ ዝር አላለበትም» ማለት ይቀናዋል። ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ትንሽ ጉራ ቢፈቀድለት ክፋት የለውም። ክፋቱ የሚመጣው ጉራው ሰውየውን ወደማያውቀው ሥራ እየጎተተ ሲያስገባው ነው።

ሚስቱ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። ክፍሏ ውስጥ አንድ የመስታወት የዓሣ ገንዳ አለ። ትምህርት ቤቱ ለአጭር ዕረፍት ሲዘጋ ዓሦቹን የሚመግብ ስለማይኖር ገንዳውን ወደ ቤት አመጣችው። ስም ያወጡላቸው ሕፃናቱ ናቸው። ወፍራሙ ብርቱካናማ «ዳቦ» ይባላል፤ ቀጭኑ ባለ መስመር «ሽቦ» ነው፤ የቀሩት በጅምላ «የዳቦ ልጆች» ናቸው። ሕፃናቱ ለዕረፍት ሲለያዩ መስታወቱን አንድ በአንድ እየሳሙ፣ «አደራ» ብለዋታል።

«ማጣሪያው ተሰብሯል፤ ውሃው ቶሎ ቶሎ ይደፈርሳል» አለችው ለባሏ። «ስመልሰው ልጆቹ ጥርት ብሎ እንዲያዩት ነበር የፈለግሁት።»

«ይኼም ሥራ ሆኖ?» አለ ጠብ አይሌ።

ከመስኮት ሥራ የተረፈ ቁርጥራጭ መስታወት አወጣና ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አለሰለሰ። ለማጣሪያ የሚሆን፣ ውስጡ ስፖንጅ የሚገባበት፣ የገንዳው ትንሿ ፓምፕ ውሃውን የምትስብበት ሳጥን ለካ። ከዚያ ከሥራ ቦርሳው የሚተማመንበትን ነጭ የሲሊኮን ማጣበቂያ መዘዘ።

አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ሶፋው ላይ ሆነው ያዩታል። ዕድሜያቸውን በመድኃኒት ቤት አሳልፈው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። የጨው እሽግ እንኳ ጀርባውን ሳያነቡ ወደ ማድቤት አያስገቡም።

«ልጄ፣ ይኼ ቱቦ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም እማማ። ዝም ብሎ ይይዛል።»

«ለእኔስ ብዙ እያወራኝ ነው» አሉ ቱቦውን ወደ ዓይናቸው አቅርበው። «ፀረ ሻጋታ ይላል።»

«እሱማ ሙያው ነው።»

«ሻጋታ እኮ ሕይወት ያለው ነገር ነው። እሱን የሚገድል መድኃኒት ለዓሣ ይራራል ያለህ ማነው?»

«ሰው ታጥቦበት ምንም ያልሆነ ለዓሣ ያንሳል? እዚያም ውሃ፣ እዚህም ውሃ።»

«ሰው ታጥቦ ይወጣል። ዓሣ ወዴት ይውጣ?»

ጠብ አይሌ ሳቀ። «እርስዎ መቼም ያለ ሐኪም ማዘዣ ሙጫም አይሸጡ።»

አማትየውም ሳቁና ወደ ሹራብ ሥራቸው ተመለሱ። እሱ ሳጥኑን አጣብቆ አሳደረውና በማግሥቱ ማጣበቂያውን በጣቱ ነካ አደረገው፤ አልለጠፈም። «ደርቋል» ብሎ ሳጥኑን ገንዳው ውስጥ አስቀመጠው። ለምሳ ሲቀመጡ ውሃው እንደ መስታወቱ ጠርቶ ነበር። ሚስቱ ትከሻውን መታ መታ አድርጋ አመሰገነችው፤ እሱም ምሳውን እንደ ሙሽራ ቀና ብሎ በላ።

በማግሥቱ ጠዋት ግን ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ሽቦ ከታች በጎኑ ተኝቷል።

«ተርበው ነው» አለ ጠብ አይሌ፤ የራሱ ድምፅ ግን አላሳመነውም።

«የራበው ምግብ ያሳድዳል። እነዚህ አየር ነው የሚለምኑት» አሉ አማቱ። «ቶሎ አውጣቸው።»

ቧንቧውን ሊከፍት ሲል ሚስቱ እጁን ያዘችው። «የዛሬ ውሃ አይሆንም፤ ክሎሪን አለበት። ለውሃ መጥፋት ብለን በክፍት በርሜል ያስቀመጥነው ከርሞ ክሎሪኑ ወጥቶለታል፤ እሱን ቅዳ። ባልዲውም ሳሙና የነካው እንዳይሆን።»

ዓሦቹ ባልዲው ውስጥ ገቡ። ጠብ አይሌ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ውሃውን በጆግ እየቀዳ፣ አየር እንዲገባበት በቀስታ ከፍ አድርጎ ሲመልስ አረፈደ። በሕይወቱ ውሃ እንዳይንጠባጠብ ሲታገል የኖረ ሰው፣ ያን ዕለት ሲያንጠባጥብ ዋለ። ከቀትር በኋላ ዳቦ ጅራቱን ወዝወዝ አደረገ፤ ልጆቹም ተከተሉት። ሽቦ ግን አልተነሣም።

«ሽቦን የሚመስል ፈልጌ ባመጣስ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ባለ መስመር ዓሣ ሁሉ አንድ ነው።»

«ልጆቹ አንድ አለመሆኑን ያውቃሉ» አለች ሚስቱ። «አደራ ብለውኝ ነው የሄዱት። ዓሣቸውን አሳጥቻቸው ደግሞ ልዋሻቸው?»

ጠብ አይሌ ቱቦውን አንስቶ፣ ስንት ዘመን ሲጨምቀው የኖረውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባውን አነበበ። በደቃቅ ፊደል «ለዓሣ ገንዳ አይሆንም» ይላል።

«እማማ፣ ሱቅ አብረን እንሂድ» አለ።

የግንባታ ዕቃ መደብሩ ሻጭ ጨዋታ አዋቂ ነው። «ሲሊኮን ሲሊኮን ነው ጋሼ። ልዩነቱ ቀለሙ ነው።»

«እኔም ከትናንት ወዲያ እንደዚያ ነበር የምለው» አለ ጠብ አይሌ።

«እንግዲያው ማስቲሽ ልስጥዎት፤ እሱ ወዲያው ነው የሚይዘው።»

«የማስቲሽ ሽታ እኔን ያዞረኛል፤ ዓሣው ምን በወጣው» አሉ አማትየው።

ሁለቱም መደርደሪያው ሥር ቆመው እየተቀባበሉ ቱቦ ሲያነቡ ሻጩ ወንበር አቀረበላቸው። በመጨረሻ ፀረ ሻጋታ ያልተጨመረበት፣ ለዓሣ ገንዳ እንደሚሆን የተጻፈበት ንጹሕ ሲሊኮን ተገኘ። የድሮው ሳጥን ተጣለ፤ ገንዳው ተደጋግሞ በንጹሕ ውሃ ታጠበ፤ ስፖንጁም በአዲስ ተተካ። አዲሱ ሳጥን ሲደርቅ ቤቱን ኮምጣጤ ኮምጣጤ አሸተተው። ጠብ አይሌ በየጠዋቱ አፍንጫውን እያስጠጋ፣ «ዛሬስ?» ሲል፣ አማቱ «ላዩ ደረቀ ማለት ሆዱ ደረቀ ማለት አይደለም» ይሉታል። ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ሳምንት ያህል ቆየ። ከዚያም በኋላ ሳጥኑ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ ነው ወደ ዓሦቹ የገባው።

እናንተም በእጃችሁ አንድ ነገር ሠርታችሁ ውሃ ውስጥ ልታስቀምጡ ስትነሡ፣ «ይይዛል ወይ?» ብቻ ብላችሁ አትነሡ። ብርቱ ማጣበቂያ ሁሉ ደግ ማጣበቂያ አይደለም። ከእሱ ጋር ቀንና ሌሊት የሚኖረው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ጽሑፉን አንብቡ፤ ካልገባችሁ የሚያውቅ ጠይቁ፤ ከገዛችሁም በኋላ እስኪደርቅ ታገሡ። እኔ ራሴ የሰው ልጅ ጽሑፍ አንብቦ ይታረማል በሚለው ብዙም አላምንም፤ ይኼ ሰው ግን ታርሟል።

ትምህርት ቤቱ የተከፈተው ሳጥኑ ሳይደርቅ ነው። ገንዳውን ያለ ሳጥኑ ተሸክሞ ወደ ክፍሉ የገባው ራሱ ጠብ አይሌ ነበር። ሚስቱ ልትናገር ስትል፣ «ተይኝ፤ የእኔ ነው» አላት። ሕፃናቱ መስታወቱን ከበቡት።

«ሽቦስ?» አለች የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ልጅ።

ትንሿ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ። «ሽቦ ሞተ። መርዝ ያለበት ማጣበቂያ ተጠቅሜ ነው። ሳላውቅ ነው ያደረግሁት፤ ቱቦው ላይ ግን ተጽፎ ነበር።»

ከሕፃናቱ አንዱ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ልጅቷ ግን አየት አድርጋው፣ «ጋሼ፣ ማንበብ አይችሉም እንዴ?» አለችው።

«እችላለሁ። የማውቅ መስሎኝ ነው ያላነበብኩት።»

ልጅቷም፣ «እኛ ፊደል ጨርሰናል። ከፈለጉ እናነብልዎታለን» አለችው።

ጠብ አይሌ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ አዲሱን ቱቦ አወጣና ሰጣት። ሕፃናቱ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው፣ በትንንሽ ጣቶቻቸው ፊደሎቹን እየተከተሉ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ፤ «ለ… ዓ… ሣ…»